እግሩ የተቆረጠው አባቴ ዝም ብሏል፣ ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ

የጣና ዳሯ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ። ረዘም ያለ ነው የምጽፈው፣ ለማን እንደማወራው ጨንቆኝ ነው እንጂ እንዲህ አይነት ነገር ጽፌ አላውቅም።

ባህር ዳር ነን። ቤት ውስጥ እናቴ፣ አባቴ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ነን፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚሰራው። አባዬ 64 አመቱ ነው፣ ስኳር ከያዘው 15 አመት አልፎታል፣ ኢንሱሊን ነው የሚወጋው፣ አሁን ደግሞ ኩላሊቱም እየደከመ ነው ተብለናል። ብስክሌት ላይ ያረጀ ሰው ነው። ጨርቃ ጨርቅ ሲሰራ በብስክሌት፣ ጡረታ ወጥቶ ገበያ በብስክሌት፣ ለቅሶ በብስክሌት፣ ቤተክርስቲያን እንኳን ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ነው የሚሳለመው።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሚስማር ወጋው። አልተሰማውም። እናቴ ካልሲ ስታጥብ ደም አየችና ከየት መጣ ብላ እግሩን ብትገለብጠው ሚስማሩ የጫማውን ሶል በስቶ ገብቶ ኖሯል፣ ስንት ቀን እንደረገጠው እሱም አያውቅም። ስኳሩ የእግሩን ስሜት ቀድሞ ወስዶት ነበር ለካ። ቤት ውስጥ በጨው ውሃ ስናጥብ፣ ሰው ያመጣልንን ቅባት ስንቀባ ሁለት ሳምንት ሄደ፣ ያንን ሁለት ሳምንት ሳስበው እስካሁን ሆዴን ይቆርጠኛል። ሐኪም ጋ ስንደርስ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። መጀመሪያ ሁለት ጣት አሉ፣ ቀጥሎ አልቆመም አሉ፣ ሰኔ 4 ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። አሁን ሰባተኛ ሳምንቱ ነው፣ ክሩ ወጥቷል፣ ቁስሉም ደህና ደርቋል።

የቸገረኝ ቁስሉ አይደለም። ሆስፒታል እያለ እሱ ነበር እኛን የሚያጽናናው። ቤት በገባን በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ሽንት ሊወጣ ከአልጋው ሲነሳ ረስቶት ሁለት እግር ያለው መስሎት በቀኙ ሊረግጥ ሄደ፣ ወደቀ። ድምጹን ሰምተን ስንሮጥ መሬት ላይ ተቀምጦ የተቆረጠበትን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ከዛች ሌሊት ወዲህ አባዬ የድሮው አባዬ አይደለም። ጠያቂ ሲመጣ ጋቢውን ይከናነብና የተኛ ይመስላል። ምግብ ስናቀርብ "አስቀምጡት" ነው። እንዳጥበው አይፈቅድም፣ ሴት ልጁ ነኝና ያፍራል፣ እናቴ ደግሞ ወገቧን ስለሚያማት ልታነሳው አትችልም። ሌሊት ሌሊት የሌለው እግሩ ያመዋል፣ አውራ ጣቴን ቆለመሙኝ እያለ ይጮሃል፣ እኛ ደግሞ ምን እንደምንል አናውቅም።

ሌላው፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ቀዶ ጥገናው ያለቀ ቀን እግሩን በጨርቅ ጠቅልለው "ወስዳችሁ ቅበሩት" ብለው ሰጡን። ወንድሜና አጎቴ ቄሱን አስፈቅደው ቤተክርስቲያኑ ጥግ ዋንዛው ስር ቀበሩት። ለአባዬ አልነገርነውም። ባለፈው ማክሰኞ ምሳ አቅርቤለት ዞር ስል "ግማሼን ቀብራችኋል፣ ቀሪውን ምን አስቀራችሁት" አለኝ። ሰው ነግሮት ይሆን ገምቶ አላውቅም። ምንም ሳልመልስ ወጥቼ ማድ ቤት አለቀስኩ።

እናቴ የቀኝ ጫማውን እንዳያየው ደብቃዋለች፣ ክራንቹንም ከአልጋው አርቀን ነው ያስቀመጥነው እንዳይወድቅብን፣ ሁሉን ነገር እኛ እያደረግንለት ነው ግን እየባሰበት እንጂ እየተሻለው አይደለም። ምን ላድርግ? ያስታመማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።


ወለተ ኪዳን

የኔ እህት እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ አንቺንም ያበርታሽ። ጸበል ሞክራችኋል? ዘመዳችን እንደዚህ ሆኖ በጸበል ነው መንፈሱ የተመለሰለት። ኪዳነ ምህረት ትርዳችሁ።


ፊዚዮ ነኝ

እህቴ በመጀመሪያ እግዜር ይማራቸው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እዚሁ ባህር ዳር ነው የምሰራው፣ ስለዚህ ስለ እግሩ ልናገር፣ የልቡን ነገር ሌሎች ይሻሉሻል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና መልሺልኝ። ስታስተኟቸው ከጉልበታቸው ስር ትራስ ታደርጋላችሁ?


የጣና ዳሯ

አዎ፣ ሁለት ትራስ ነው የምናደርግለት፣ እንደዛ ሲሆን ነው የሚቀለው። ከሆስፒታል ስንወጣ ስለ ትራስ የነገረን ሰው የለም። መጥፎ ነው እንዴ?


ፊዚዮ ነኝ

እንደገመትኩት ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ከመውጣታችሁ በፊት ማስረዳት የነበረበት ባለሙያ ነው፣ ስንቱን ቤት እንደዚሁ አይቻለሁ። ግን ዛሬውኑ ትራሱን አውጡት። ጉልበቱ ታጥፎ ሲከርም ከኋላ ያለው ጅማት ያጥርና እንደታጠፈ ይቀራል፣ የታጠፈ ጉልበት ላይ ደግሞ ሰው ሰራሽ እግር ማሰር በጣም ከባድ ነው። ከጉልበት በታች መቆረጣቸው ትልቅ እድል ነው እኮ፣ ጉልበት ያለው ሰውና የሌለው ሰው አረማመዳቸው አንድ አይደለም፣ ያንን ጉልበት በትራስ እንዳታጡት።

ሲተኙ እግሩ ቀጥ ይበል። ወንበር ላይ ሲቀመጡም ተንጠልጥሎ እንዳይውል፣ ከፊት ዱካ አስጠግታችሁ ላዩ ላይ ቀጥ ብሎ ይረፍ። በቀን ሁለት ሶስቴ በሆዳቸው ይተኙ፣ ካልከበዳቸው ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ይህ የዳሌውን መታጠፍ ያስቀራል። የጭናቸውን ጡንቻ ጥብቅ እያደረጉ ጉልበቱን ወደ ፍራሹ መጫን፣ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ፣ አስር ጊዜ፣ ይህን ደግሞ ራሳቸው ይስሩት፣ ቁጠሩ በሏቸው እንጂ አትስሩላቸው።

የላስቲክ ፋሻው አስተሳሰርም ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ዙሪያውን እንደ ቀለበት አይጠቀለልም፣ እንደዛ ከሆነ ጫፉን አንቆ ያሳብጠዋል፣ በተለይ የስኳር ሰው ላይ የደም ዝውውሩ ደካማ ስለሆነ አደገኛ ነው። እንደ 8 ቁጥር እያጠላለፋችሁ፣ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ ላላ እያለ። በየአራት ሰዓቱ ፈትታችሁ ቆዳውን አይታችሁ መልሳችሁ እሰሩት፣ ከጠቆረ ወይም ከወጋቸው ወዲያው ፍቱት። ለድሬሲንግ ስትሄዱ ነርሷን በእጇ እንድታሳይሽ አድርጊ፣ አንዴ ካየሽው አይጠፋሽም።

ከሁሉም በላይ ግን የማስጠነቅቅሽ ስለ ግራው እግር ነው። አሁን ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው፣ ስሜቱም እንደ ቀኙ ሄዶ ይሆናል። በየቀኑ ማታ ማታ የጣቶቹን መሃል፣ ተረከዙን፣ ከስሩ በመስታወት እዩት። ባዶ እግር የለም፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። የሚታጠቡበትን ውሃ በእግራቸው ሳይሆን በክርንሽ ለኪው። ቅባት ከቀባችሁ በጣቶቹ መሃል አትቀቡ፣ እርጥበት ይዞ ይቆስላል።

ለሰው ሰራሽ እግር ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ባህር ዳር ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፣ አለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሲደግፈው የቆየ፣ ቁስሉ ከዳነና እብጠቱ ከወረደ ሐኪማችሁ ወደዛ ሊልካችሁ ይችላል። እዛ በጄሶ ልኬት ይወሰዳል፣ ከዛ ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ይሰራል፣ ቀጥሎ በሁለት ብረት መሃል መራመድ ይለማመዳሉ። መጀመሪያ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚለበሰው፣ በወለቀ ቁጥር ቆዳው ይታያል። ልኬት ስትሄዱ የሚያደርጉትን ጫማ ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ የተረከዙ ከፍታ ለአሰራሩ ወሳኝ ነው። እናትሽ የደበቁትን ጫማ ማለቴ ነው።


አባይ ማዶ

እኔ ራሴ እግሬ የተቆረጠ ሰው ነኝ። ግራ፣ ከጉልበት በታች፣ በመኪና አደጋ፣ 9 አመት ሆነኝ። አሁን ጀልባ ማሳረፊያው አካባቢ ነው የምሰራው፣ ወደ ዘጌ የሚሄደውን ሰው አሳፍራለሁ፣ ያልሰማ ሰው ሱሪ ለብሼ ሲያየኝ አያውቅብኝም። ስለ አባትሽ ሳነብ ያ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ።

ስለ ህመሙ ልንገርሽ መጀመሪያ። አላበዱም። እባክሽ ይህን ዛሬ ማታ ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም እኔ ያበድኩ መስሎኝ ስንት ወር ለሐኪም ሳልናገር ቆይቻለሁ። የሌለው እግር ያማል፣ ይበላል፣ ይቀዘቅዛል፣ የኔ ጣቶቼ ወደ ውስጥ ታጥፈው ጥፍሬ ውስጥ እግሬን የሚወጋኝ ይመስለኝ ነበር። ነርቩ ተቆርጧል እንጂ አእምሮ ውስጥ ያለው የእግሩ ቦታ አልተቆረጠም፣ ሐኪሙ እንደዛ ነው ያስረዳኝ፣ እግሩ የተቆረጠ ብዙ ሰው ይሰማዋል አለኝ። ያንን ስሰማ ህመሙ ባይቀንስም ፍርሃቱ ቀነሰልኝ።

እኔን የረዳኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሲጀምረኝ ጫፉን በመዳፌ መታ መታ ማድረግ፣ በፎጣ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ፋሻውን መልሶ ማሰር። ሁለተኛው መስታወት። ከገበያ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መስታወት ገዛሁ፣ ተቀምጬ በሁለቱ እግሮቼ መሃል አቆምኩት፣ ደህናው እግሬ በመስታወቱ ሲታይ የሌለው እግር ቦታው ላይ ያለ ይመስላል። ከዛ ደህናውን ጣቶቼን ቀስ ብዬ ስዘረጋ የታጠፉት ጣቶች አብረው የተዘረጉ ያህል ይፈታልኛል። በቀን ሁለቴ አስር አስር ደቂቃ። የመጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ፣ እግሬን ሳየው። ስለዚህ ሲሞክሩ ብቻቸውን አትተዋቸው፣ ደግሞም ለሁሉም ሰው አይሰራም፣ ካልሰራላቸው አትጫኗቸው።

የሌሊቱ መውደቅ፣ ሁላችንም ወድቀናል። እንቅልፍ ላይ ሰውነት እግሩ እንደሌለ አያውቅም። ክራንቹን ማራቅ ግን መፍትሄ አይደለም፣ እንደውም ያ ነው የሚያስወድቀው። በተቆረጠው በኩል ከአልጋው ጋር አጣብቃችሁ ከባድ ወንበር አቁሙ፣ ሊነሱ ሲሉ እሱ ይነካቸውና ይነቃሉ። ክራንቹ እጃቸው የሚደርስበት ይሁን፣ ስሩ ያለው ጎማ ካለቀ ደግሞ ቀይሩት፣ በዚህ በሐምሌ ጭቃ ያለቀ ጎማ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። ሌሊት ፖፖ አልጋው ስር ይቀመጥ።

አሁን የልቤን ልናገር እህቴ አትቀየሚኝ። "ሁሉን ነገር እኛ እያደረግንለት ነው" ብለሻል። እኔም ቤት እንደዛው ነበር። እናቴ ውሃ እንኳን ላፌ ታቀርብልኝ ነበር። እግሬን ያጣሁት አንድ ቀን ነው፣ ሰው መሆኔን ግን ቤተሰቤ እያዘኑልኝ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወሰዱብኝ፣ እነሱ ግን ፍቅር ነው የመሰላቸው። ፍቅርም ነው። እስኪ ልጠይቅሽ፣ አባትሽ ከመታመማቸው በፊት ሰው ምን ብሎ ነበር የሚፈልጋቸው? ሰው በራቸውን ሲያንኳኳ ለምን ጉዳይ ነበር?


የጣና ዳሯ

አባይ ማዶ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደነገጥኩ። አባዬ የእድራችን ጸሐፊ ነበር፣ ከ20 አመት በላይ። ማታ ማታ ሰው የሚመጣው ለመዝገብ ነበር፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ድንኳኑ የት ነው ያለው፣ የማን ተራ ነው። ቤት በገባን በሁለተኛው ሳምንት የእድሩ ሰዎች ሊጠይቁ መጥተው "አንተ እረፍ" ብለው መዝገቡን ወሰዱት። ለሱ አዝነው ነው። እኔም አመስግኜ ሸኘኋቸው። መውደቁና መዝገቡ የተወሰደበት ሳምንት አንድ ነው። እስከ ዛሬ አላገናኘሁትም ነበር።


አባይ ማዶ

መዝገቡን አስመልሺ።


እማማን ያስታመምኩ

የጣና ዳሯ፣ እኔ እናቴን ነው ያስታመምኩት፣ በስኳር ነው፣ እሷም እግሯን አጥታ ሶስት አመት ኖረች። ስለ ማጠቡ ልንገርሽ፣ ሌሎቹን ነገሮች ወንድሞቻችን ብለውታል።

ማጠብ ሳይሆን መታጠብ ነው መሆን ያለበት። አናጺ ዘንድ ሄጄ መቀመጫው መሃሉ ክብ የተቆረጠ፣ ግራና ቀኝ ጠንካራ እጀታ ያለው ወንበር አሰራሁ፣ እግሮቹ ስር የመኪና ጎማ ቁራጭ አስመታሁበት እንዳይንሸራተት። ያ ወንበር ሽንት ቤቱ ላይ ሲቀመጥ ሽንት ቤት ነው፣ ጓሮ ሲወጣ መታጠቢያ ነው። ሞቅ ያለ ውሃ በባልዲ፣ ጆግ፣ ሳሙና በገመድ ታስሮ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፎጣ ጉልበቷ ላይ። ከዛ መጋረጃውን ስቤ ውጪ እቀመጥ ነበር፣ እያወራሁ። ስትጨርስ ጀርባዬን እሺኝ ስትለኝ ብቻ ነው የምገባው። የአባትሽ እፍረት ጤነኛ ነገር ነው፣ እንዲያውም ሰው መሆናቸውን እንዳልተዉ ያሳያል፣ እንዳትሰብሪባቸው። የአክስትሽ ልጅ ወንድ ከሆነ እሱ ጀርባቸውን ይሽላቸው።

ጠያቂውንም መጥነሽ አስገቢ። የኛ ሰው ደግ ነው ግን አልጋ ዙሪያ ተቀምጦ "ከዚህ የባሰ አለ" "እገሌ እኮ ሁለቱንም ነው የተቆረጠ" ሲል ይውላል፣ ታማሚው ጋቢ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። እኔ በር ላይ ቆሜ "እማማ ዛሬ የሚያጫውታት ነው የምትፈልገው፣ ስለ እግር አታንሱባት" እል ነበር። አንዳንዱ ተቀይሞኛል፣ ይቀየም።

እግሩ የተቀበረበትን ነገር፣ ንገሪያቸው። እናቴ ጠይቃኝ "ሆስፒታሉ ነው ያስቀረው" ብዬ ዋሽቻታለሁ፣ እስክታርፍ ድረስ "አጥንቴ የት ወድቆ ይሆን" እያለች ትጨነቅ ነበር፣ ስትነሳ በትንሳኤ ቀን ጎዶሎ ሆና የምትነሳ መስሏት። የንስሐ አባታችን "አምላክ ከአፈር የፈጠረውን ከአፈር ይሰበስበዋል" ብለው ሲያጽናኗት ነው ትንሽ ያረፈችው። እኔ ዛሬም ያ ውሸት ይከነክነኛል። አባትሽ ግን የሚያውቁት ቦታ፣ በገዛ ልጃቸውና በዘመዳቸው እጅ፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ነው ያረፈላቸው። ይህ የሚደበቅ ነገር አይደለም እኮ።

"ቀሪውን ምን አስቀራችሁት" ያሉሽን ግን ቀላል አድርገሽ እንዳታይው። ቁጭ ብለሽ "አባዬ መሞት ትመኛለህ ወይ" ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያቸው፣ መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣባቸውም። አዎ ካሉ፣ ወይ ምግብና መርፌ እምቢ ካሉ፣ ብቻቸውን አትተዋቸው፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ድባቴ በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው።


ፋርማሲው

ስለ መድኃኒቱ አጭር ነገር ላክል፣ ፋርማሲ ነው የምሰራው።

ለዛ የሌሊት ህመም ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየገዛችሁ ከሆነ አቁሙ። ኩላሊታቸው ደክሟል ብለሻል፣ እነዚህ ደግሞ ኩላሊቱን ጨርሰው ነው የሚጥሉት፣ ለነርቭ ህመሙም ብዙ አይረዱም። ለእንደዚህ አይነት ህመም ሌላ መድኃኒት አለ፣ እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ፣ ግን እነሱም በኩላሊቱ አቅምና በእድሜ ስለሚመጠኑ ሐኪም ነው የሚያዘው፣ የጎረቤት ትራፊ አትስጡ።

ኢንሱሊኑንም ተጠንቀቁ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ ድሮ ይበቃቸው የነበረው መጠን አሁን ሊበዛባቸው ይችላል፣ ምግብ እምቢ እያሉ ደግሞ መርፌው እንደ በፊቱ ከተሰጠ ስኳራቸው ይወርዳል። ድንገት ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ወይ የማይገናኝ ነገር ካወሩ ለኩ፣ መለኪያ ከሌለም ቶሎ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ እዩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ባጃጅ ጠርታችሁ ሩጡ።

ደግሞ ፍልሰታ መጥቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ማለታቸው አይቀርም። ከአሁኑ የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሯቸውና እሳቸው ይንገሯቸው፣ ከእናንተ አፍ ከሰሙት ጸሎታቸውንም የቀማችኋቸው ይመስላቸዋል። ጸበሉንም ወለተ ኪዳን ያለችው ጥሩ ነው፣ ይጠጡ፣ ግን መርፌውን ሳያቋርጡ፣ የተቆረጠውም ቦታ ሳይርስ፣ ግራ እግራቸውም ጫማ ሳያወልቅ።

መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን ሁለት ማሰሮ አንዱን አንዱ ውስጥ ከታችሁ፣ መሃላቸውን በእርጥብ አሸዋ ሞልታችሁ፣ ጥላ ስር አስቀምጡት፣ ቀዝቀዝ ይልላችኋል።


ወለተ ኪዳን

ፋርማሲው እውነት ብለሃል፣ እኔም መርፌውን ይተዉ ማለቴ አልነበረም። የኛም ዘመድ ሁለቱንም ነው የያዘው።


የጣና ዳሯ

ከአምስት ቀን በኋላ ነው የምመለሰው፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ለእናቴም አንብቤላታለሁ።

ትራሱን ያን ማታ ነው ያወጣነው። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዛ ፊዚዮው የጻፈውን ሳነብለት "ይህ ሰው ባህር ዳር ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀ። ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ ቀርቷል፣ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፣ ግን አስሩን ራሱ ይቆጥራል፣ ትናንት አስራ ሁለት ደርሷል። ዲክሎፌናኩን እናቴ ወስዳ ጣለችው፣ አዎ እየሰጠነው ነበር። አሁን ቀጠሮ አለው፣ ሌላ መድኃኒት እንጠይቃለን።

ስለ እግሩ እሁድ ነገርኩት። ከቅዳሴ መልስ አጠገቡ ተቀመጥኩና አባዬ ይቅር በለኝ ደብቄህ ነበር ብዬ ሁሉንም፣ ማን እንደተሸከመው፣ ማን እንደቆፈረ፣ ቄሱ ምን እንዳሉ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዛ "ዋንዛው ስር በየት በኩል ነው?" አለኝ። በወንዙ በኩል አልኩት። "ጥልቅ ነው? ውሻ እንዳያወጣው?" አለኝ። አጎቴ እስከ ደረቱ ነው የቆፈረው አልኩት። እናቴ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። አባዬ ብዙ ቆይቶ "የእናቴ መቃብርም በዚያው በኩል ነው" አለ፣ እኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ አያቴን አላየኋትም። መሞት ትመኛለህ ወይ ብዬም ጠየቅኩት እማማን ያስታመምሽው እንዳልሽኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። "ተመኝቼ ነበር፣ አሁን እንጃ" አለኝ። ለዚህም ሐኪም እናያለን ብዬዋለሁ፣ እሺም እንቢም አላለም።

መታጠቡ ገና ነው። ወንበሩን አናጺው ለሐሙስ ብሎናል።

የእድሩን ሰብሳቢ ሄጄ አናገርኳቸው። ክረምቱ ይለፍና ብለው ነበር፣ ከዛ ማታ ሳይታሰብ ራሳቸው መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ፣ ዝናብ እየዘነበ። "ከወሰድነው ወዲህ የሁለት ወር መዋጮ ተምታቶብናል" አሉት ለአባዬ። እውነት ይሁን ለማጽናናት አላውቅም። አባዬ መነጽሩን አምጡልኝ አለና ገልብጦ ሲያይ ቆይቶ "ይህን ማን ነው የጻፈው፣ የከፈለውን ሰው ስም እንኳን በቅጡ አልጻፈም" ብሎ ተቆጣ። ቁጣውን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ።

ጫማውንም እናቴ ከሳጥን ስር አውጥታለች። ቡኒ ቆዳ ነው፣ የቀኙ ሶል ያው ሚስማሩ የበሳው ነው፣ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ሊስትሮ ጋ ወስጄ ላስደፍነው ነው፣ ወይስ ለልኬቱ እንዳለ ይሻላል ፊዚዮ ወንድሜ? ሌላ ጥያቄ ደግሞ፣ ማዕከሉ በር ድረስ ባጃጅ ይገባል? ከዋናው መንገድ በክራንች በዚህ ጭቃ እንዳይወጣብኝ ብዬ ነው።